መስመሩ እንዳይበጠስ፦ የቀጥታ መተግበሪያን ከሪቨርስ ፕሮክሲ ጀርባ ማሠራት

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በር ላይ ጥቂት ቆማችሁ ተመልከቱ። ተማሪው መታወቂያውን ያሳያል፣ ይፈተሻል፣ ያልፋል። እንግዳ ሲመጣ ጥበቃው ማንን እንደሚፈልግ ይጠይቀዋል። የውጭ ሰው ግቢውን የሚያገኘው በበሩ በኩል ብቻ ነው፤ ከውስጥ የትኛው ሕንፃ የት እንዳለ ማወቅ አይጠበቅበትም። ሪቨርስ ፕሮክሲም ሥራው ይኸው ነው። ከውጭ የመጣው ጥያቄ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ይደርሳል። እሱ ጥያቄውን ከኋላው ላለው መተግበሪያ ያቀብላል፣ መልሱን ተቀብሎ ለጠያቂው ይመልሳል።

ለተራ ድረ ገጽ ይህ ይበቃል። ጥያቄ ይመጣል፣ መልስ ይሄዳል፣ ጉዳዩ ያልቃል። የቀጥታ መተግበሪያ ግን፣ ማለትም ቻት፣ የጋራ መጻፊያ ወይም የክፍል ውስጥ ጥያቄና መልስ፣ በአንድ ጊዜ ምልልስ አያልቅም። መስመሩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ለሰዓታት ክፍት ይቆያል፤ በሁለቱም በኩል በፈለጉ ጊዜ ይነጋገሩበታል። ፕሮክሲው ይህን ካልተነገረው ዝምታውን እንደ መጨረሻ ይቆጥርና ይዘጋዋል። ስለዚህ ሁለት ሥራ አለባችሁ። አንደኛው ለፕሮክሲው ንግግሩ ረጅም መሆኑን መንገር ነው። ሁለተኛው፣ እኛ ዘንድ መብራትና ኔትወርክ መሄድና መምጣቱ የተለመደ ስለሆነ፣ የተበጠሰው መስመር ማንም ሳይደናገጥ እንዲቀጠል አድርጎ መሥራት ነው። ሁለተኛውን ብዙ መመሪያዎች በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን ከመጀመሪያው እኩል እይዘዋለሁ።

ለምሳሌነት የመረጥኩት ኢተርፓድን ነው። ኢተርፓድ ብዙ ሰው በአንድ ገጽ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት ነፃ ሶፍትዌር ነው። እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱ ቀለም አለው፤ ሌላው የሚጽፈው ወዲያው ይታያል። የመረጥኩትም በግቢው ምክንያት ነው፦ ፔዳ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ያ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋህዶ እ.ኤ.አ. በ2000 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። መምህራን ሊወጡበት ለተሠራ ግቢ የግሩፕ አሳይመንትን አንድ ላይ መጻፍን የመሰለ ምሳሌ አላገኘሁም። ፕሮክሲው ደግሞ ኢንጂንኤክስ ይሆናል። በኡቡንቱ ላይ በአንድ ትእዛዝ ይጫናል፤ ብዙ ማብራሪያም የተጻፈለት ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ላስታውስ። የትእዛዞቹን ስም በድምፃቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ፋይሉ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ የአንድ ትእዛዝ ቃላትን በታች ሰረዝ እያያያዛችሁ ትጽፏቸዋላችሁ። እያንዳንዱ የትእዛዝ መስመር በሴሚኮሎን (;) ይዘጋል።

1. ሰርቨሩ የት ይቀመጥ?

ምርጫው ሁለት ነው፦ ውጭ አገር መከራየት ወይም ግቢው ውስጥ አንድ ማሽን ማስቀመጥ። ተጠቃሚዎቻችሁ አብዛኞቹ ግቢ ውስጥ ካሉ ማሽኑን ግቢ ውስጥ አስቀምጡት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ሳይከፈት ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለማንም አይደርስም። በግቢው የውስጥ ገመድ ላይ ያለ ሰርቨር ግን የውጭው መስመር ቢጠፋም ከላብ፣ ከላይብረሪና ከዶርም ሊከፈት ይችላል። አብረው አንድ ክፍል የተቀመጡ አሥር ልጆች አንድ ገጽ ለመጻፍ ፊደላቸው ባሕር ተሻግሮ መመለስ የለበትም።

ማሽኑ ትልቅ መሆን የለበትም። ደህና ዴስክቶፕ ለአንድ ክፍል ተማሪ ይበቃል። ከራም ይልቅ ሁለት ነገሮችን አስቀድሙ። አንዱ ዩፒኤስ ነው፤ የአሥር ደቂቃ እንኳ ቢሆን ዳታቤዙ በአግባቡ እንዲዘጋ ጊዜ ይሰጣል። ሌላው ባዮስ ውስጥ ያለች ምርጫ ናት፦ መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሳ የምታደርገውን ፈልጋችሁ አብሯት። አለዚያ መብራት ሌሊት ሄዶ ሲመለስ ቁልፉን የሚጫን ሰው እስኪመጣ ሰርቨሩ እንደጠፋ ያድራል።

የግቢውን የአይሲቲ ክፍል ሳታስፈቅዱ ማሽን እንዳትሰኩ። ቋሚ የውስጥ አድራሻና የጎራ ስም የምታገኙት ከእነሱ ነው። ኋላ ችግር ሲመጣም ኔትወርኩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

2. መተግበሪያውን መጀመሪያ ለብቻው አስነሱት

ብዙ ሰው ፕሮክሲውንና መተግበሪያውን አንድ ላይ ያቆምና ሲበላሽ የትኛው እንደተበላሸ ይጠፋዋል። ኢተርፓድን ብቻውን አስነሱ። በኖድ ጄኤስ ላይ ይሠራል፤ ካልቀየራችሁት በፖርት 9001 ይጠብቃል። እዚያው ማሽን ላይ ሆናችሁ ገጹን ክፈቱና ጻፉበት። ከሠራ ወደ ሴቲንግ ፋይሉ ግቡና ሦስት ነገር ቀይሩ።

የመጀመሪያው የሚያዳምጥበት አድራሻ ነው። ሲመጣ በሁሉም አድራሻ ያዳምጣል፤ እንዲህ ከተተወ ማንም በ9001 በኩል ፕሮክሲውን አልፎ ይገባል። 127.0.0.1 ብላችሁ ቀይሩት፤ ከዚያ በኋላ የሚያገኘው እዚያው ማሽን ላይ ያለ ፕሮግራም ብቻ ነው። ሁለተኛው "ትረስት ፕሮክሲ" የሚለው ነው፤ እውነት አድርጉት። ካልሆነ ተጠቃሚው ሁሉ ከአንድ አድራሻ፣ ከፕሮክሲው፣ የመጣ ይመስለዋል። ሦስተኛው ዳታቤዝ ነው። ይዞት የሚመጣው በፋይል የሚጻፍ ዳታቤዝ ለሙከራ እንጂ ለሥራ አይደለም። ወደ ማሪያዲቢ ወይም ፖስትግሬስ አዛውሩት። ማሪያዲቢ ከሆነ የፊደል ዓይነቱ ዩቲኤፍ-8፣ በተለይ ባለ አራት ባይቱ መሆኑን አረጋግጡ። ላቲን ላይ ከተተወ አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመለሳል፤ አንዴ እንዲያ ሆኖ የተቀመጠ ጽሑፍ ደግሞ አይመለስም።

እዚህ ላይ ሳልናገረው የማላልፈው ነገር አለ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት። የራሳችሁን ቻት ጽፋችሁ የመልእክቱን ገደብ 1,000 ባይት ብላችሁ ከወሰናችሁ፣ በእንግሊዝኛ አንድ ሺህ ፊደል የሚፈቅደው ገደብ በአማርኛ 333 ላይ ይቆርጣል። ገደብ ስታስቀምጡ በባይት ሳይሆን በፊደል አስቡ፤ በባይት ካስፈለገም በሦስት አባዙት።

በመጨረሻ መተግበሪያውን ለኡቡንቱ አገልግሎት አስተዳዳሪ፣ ለሲስተምዲ፣ አስረክቡት። "ሪስታርት" የሚለውን "ኦልዌይስ" አድርጉት። ቢወድቅ ይነሳል፤ "ኢኔብል" ካደረጋችሁት ደግሞ ማሽኑ ሲበራ አብሮ ይነሳል። ተርሚናል ከፍታችሁ ያስነሳችሁት ፕሮግራም ተርሚናሉ ሲዘጋ አብሮ ይሞታል።

3. ለፕሮክሲው ንግግሩ ረጅም መሆኑን ንገሩት

ያ ክፍት የሚቆየው የሁለት ወገን መስመር ዌብሶኬት ይባላል፤ እንደ ተራ ጥያቄ ነው የሚጀምረው። ብራውዘሩ "ይህን መስመር ወደ ዌብሶኬት እንቀይረው" የሚል ሄደር ይልካል፤ ስሙ አፕግሬድ ነው። ኮኔክሽን የሚባል ሌላ ሄደርም አብሮት ይሄዳል። መተግበሪያው ከተስማማ 101 የሚል መልስ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ የሁለቱ ነው።

ችግሩ ያለው መሐል ላይ ነው። እነዚህ ሁለት ሄደሮች በፕሮቶኮሉ ደንብ ከአንድ እርከን አያልፉም፤ ለሚቀጥለው ጎረቤት ብቻ የተጻፉ ናቸው። ኢንጂንኤክስ ደንቡን ያከብርና ይይዛቸዋል። መተግበሪያው ጥያቄው ሲደርሰው የመቀየር ሐሳብ ያለው አይመስለውም። ስለዚህ እናንተ በግልጽ አሳልፋቸው ማለት አለባችሁ። በኢንጂንኤክስ ኮንፊግ ፋይል፣ በሎኬሽን ክፍሉ ውስጥ የሚገቡት መስመሮች እነዚህ ናቸው፦

ፕሮክሲ ፓስ — ኤችቲቲፒ፣ አድራሻ 127.0.0.1፣ ፖርት 9001
ፕሮክሲ ኤችቲቲፒ ቨርዥን — 1.1
ፕሮክሲ ሴት ሄደር፣ አፕግሬድ — ዶላር ኤችቲቲፒ አፕግሬድ
ፕሮክሲ ሴት ሄደር፣ ኮኔክሽን — ዶላር ኮኔክሽን አፕግሬድ
ፕሮክሲ ሴት ሄደር፣ ሆስት — ዶላር ሆስት
ፕሮክሲ ሴት ሄደር፣ ኤክስ ፎርዋርድድ ፎር — ዶላር ፕሮክሲ አድ ኤክስ ፎርዋርድድ ፎር
ፕሮክሲ ሴት ሄደር፣ ኤክስ ፎርዋርድድ ፕሮቶ — ዶላር ስኪም

ሄደሮቹ ራሳቸው (ለምሳሌ ኤክስ ፎርዋርድድ ፎር) በታች ሰረዝ ሳይሆን በመሐል ሰረዝ ይያያዛሉ። ዶላር ያለበት ሁሉ ተለዋዋጭ ነው፤ የዶላሩን ምልክት አስቀድማችሁ ስሙን በትንንሽ ፊደል ጻፉ።

"ዶላር ኮኔክሽን አፕግሬድ" ኢንጂንኤክስ ይዞት የሚመጣ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ የምትሠሩት። ከሰርቨር ክፍሉ ውጭ፣ በኤችቲቲፒ ክፍሉ ውስጥ፣ "ማፕ" በሚለው ትእዛዝ፦ አፕግሬድ የሚል ሄደር ከመጣ ዋጋው "አፕግሬድ" ይሁን፣ ባዶ ከሆነ "ክሎዝ" ይሁን ትሉታላችሁ። ይህን ትታችሁ በቀጥታ "አፕግሬድ" ብትጽፉ ዌብሶኬቱ ይሠራል። ነገር ግን ተራውን የምስልና የገጽ ጥያቄ ሁሉ ሊቀየር እንደሚፈልግ አድርጋችሁ ትልኩታላችሁ፤ ይህ ደግሞ አንዳንድ መተግበሪያን ያሳስተዋል።

ኤችቲቲፒ 1.1 የሚለው መስመርም እንዳይዘለል። ኢንጂንኤክስ ለረጅም ዓመታት ከኋላው ካለው መተግበሪያ ጋር ሲነጋገር ዲፎልቱ 1.0 ነበር። በ1.0 ደግሞ ዌብሶኬት የሚባል ነገር የለም። ኢንጂንኤክስ ዌብሶኬትን ማሳለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ከ1.3.13 ጀምሮ ስለሆነ ዛሬ የምትጭኑት ሁሉ ይችላል፤ መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ብዙ ሰው የሚወድቅባት ወጥመድ ደግሞ ይህች ናት። ፕሮክሲ ሴት ሄደር ከላይ፣ በሰርቨር ክፍሉ ውስጥ፣ የተጻፈ ከሆነ ሎኬሽን ይወርሰዋል። ሎኬሽኑ ውስጥ ግን አንድ እንኳ ፕሮክሲ ሴት ሄደር ከጻፋችሁ የላዩ ውርስ በሙሉ ይሰረዛል። ከላይ አራት ጽፋችሁ ከታች አንድ ብትጨምሩ አምስት አታገኙም፤ አንድ ብቻ ታገኛላችሁ። ሁሉንም አንድ ቦታ አሰባስባችሁ ጻፉ።

መተግበሪያውን በጎራው ሥር ሳይሆን በንዑስ መንገድ፣ ለምሳሌ "ፓድ" በሚል ቅጥያ፣ ካቆማችሁት በፕሮክሲ ፓስ መጨረሻ ላይ ስላሽ መኖር አለመኖሯ ነገሩን ሁሉ ትለውጣለች። ካለች ኢንጂንኤክስ ቅጥያውን ቆርጦ ይልካል፤ ከሌለች ከነቅጥያው ይልካል። 404 ካያችሁ መጀመሪያ እሷን ተመልከቱ። ለጀማሪ የምመክረው ለመተግበሪያው የራሱን ንዑስ ጎራ መስጠት ነው።

ፋይሉን ስትጨርሱ "ኢንጂንኤክስ" ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ሰረዝና ቲ ጽፋችሁ አስፈትሹት። ስህተት ካለ የመስመሩን ቁጥር ይነግራችኋል። ከዚያ ሪስታርት ሳይሆን ሪሎድ አድርጉ። በሪሎድ ጊዜ አሮጌዎቹ ወርከሮች፣ ማለትም ጥያቄዎቹን የሚያስተናግዱት የኢንጂንኤክስ ፕሮሰሶች፣ ያላለቀ መስመር እስካላቸው አይሞቱም። በዌብሶኬት ደግሞ መስመሩ ለሰዓታት ስለሚቆይ በቀን አሥር ጊዜ ሪሎድ ካደረጋችሁ አሥር ትውልድ ወርከር ራም ላይ ተቀምጦ ታገኛላችሁ። "ወርከር ሻትዳውን ታይምአውት" የሚለውን ጥቂት ደቂቃ አድርጉት።

4. ሰዓቱን አስረዝሙት

የመጀመሪያውን የቀጥታ መተግበሪያዬን ያቆምኩት ለትንሽ የጥያቄና መልስ ገጽ ነበር፤ ራሴ የጻፍኩት ተራ ዌብሶኬት ነው። ሰው ሲጽፍበት ይሠራል፣ ትንሽ ዝም ሲባል ይጠፋል። ሁለት ቀን ሙሉ ኔትወርኩን ስወቅስ ሰነበትኩ። ራውተሩን ከመስኮት ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ መደርደሪያ አዛወርኩ። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ላይ ያለውን ሰዓት መቁጠሪያ ከፍቼ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ስልሳ ሰከንድ ሲሞላ ተበጠሰ። ደገምኩት፤ ስልሳ። አሁንም ስልሳ። ኔትወርክ ሲበላሽ ሰዓት ቆጥሮ አይበላሽም። መስመሩ የሚበጠሰው በሙሉ ቁጥር፣ በ30፣ በ60 ወይም በ300 ሰከንድ ከሆነ አንድ ቦታ የተጻፈ ሰዓት አለ ማለት ነው፤ ፈልጉት። በዘፈቀደ የሚበጠስ ከሆነ ግን ገመዱን፣ ዋይፋዩንና መብራቱን ተመልከቱ።

የእኔ ስልሳ ሰከንድ የኢንጂንኤክስ "ፕሮክሲ ሪድ ታይምአውት" ነበረ፤ ዲፎልቱ 60 ሰከንድ ነው። የሚቆጥረው የመስመሩን ጠቅላላ ዕድሜ አይደለም፤ ከመተግበሪያው በኩል በሚመጡ ሁለት ንግግሮች መካከል ያለውን ዝምታ ነው። ወደ 3600 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰዓት፣ ከፍ አድርጉት። "ፕሮክሲ ሴንድ ታይምአውት"ንም እንዲሁ።

አንድ ቀን ወይም አንድ ሳምንት የሚያደርጉት አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሰውየው ላፕቶፑን አጥፎ ሲሄድ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ራውተሩ ድንገት ሲሞት፣ ለሰርቨሩ ደህና ሁን የሚለው የለም። መስመሩ ከአንድ ወገን ብቻ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ያለ የሞተ መስመር እየተጠራቀመ ቦታ ይይዛል። ትክክለኛው መድኃኒት የልብ ትርታ ነው፦ በየጥቂት ሰከንዱ ሰርቨሩ "አለህ?" ይላል፣ ብራውዘሩ "አለሁ" ይላል። መልስ ካጣ መስመሩን ይዘጋዋል። ኢተርፓድ የሚጠቀምበት ሶኬት አይኦ ይህን ራሱ ያደርጋል፤ በዲፎልቱ በየ25 ሰከንድ ይጠይቃል፣ መልስ ለማግኘትም 20 ሰከንድ ይጠብቃል። የራሳችሁን ተራ ዌብሶኬት ከጻፋችሁ ግን ትርታውን መጻፍ የእናንተ ሥራ ነው። በሞባይል ኔትወርክ ላይ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል፤ መሐል ላይ ያሉት መሣሪያዎች ዝም ያለ መስመርን በራሳቸው ሰዓት ይረሱታል፣ እናንተም አታዙባቸውም።

መተግበሪያችሁ ከዌብሶኬት ይልቅ ከሰርቨር ወደ ብራውዘር ብቻ የሚፈስ መልእክት የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ "ፕሮክሲ በፈሪንግ"ን አጥፉት። ካልጠፋ ኢንጂንኤክስ መልእክቱን አጠራቅሞ በጅምላ ይሰጣል፤ ቀጥታነቱ ይጠፋል።

5. መሥራቱን በዓይናችሁ እዩ

"ገጹ ተከፈተ" ማለት ሠራ ማለት አይደለም። ሶኬት አይኦ ዲፎልት አካሄዱ መጀመሪያ ፖሊንግ በሚባለው መንገድ፣ ማለትም ደጋግሞ በመጠየቅ፣ ይጀምርና ወደ ዌብሶኬት ለማደግ ይሞክራል። ካልተሳካለት ሳይናገር በፖሊንግ ይቀጥላል። ስለዚህ ሄደሮቹን ብትረሷቸውም ገጹ የሚሠራ ሊመስል ይችላል፤ የምታዩት ዝግታ ብቻ ነው፣ ጥፋቱም እንደ ልማዳችን ወደ ኔትወርኩ ይሄዳል። በብራውዘራችሁ የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ "ኔትወርክ" የሚለውን ከፍታችሁ 101 የሚል መልስ ፈልጉ። 101 ካለ ዌብሶኬት ነው። በምትኩ በ200 የተመለሱ ጥያቄዎች ሳያቋርጡ ከተሰለፉ ፖሊንግ ላይ ናችሁ፤ ወደ ክፍል 3 ተመለሱ።

ከዚያ ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን አስቀምጡና አንዱን ገጽ በሁለቱም ክፈቱ። በአንዱ ላይ "ሰላም" ብላችሁ በቀስታ ጻፉ። በድምፅ የሚጻፍ ኪቦርድ ከሆነ ኤስን ስትነኩ ስ ይወጣል፤ ኢን ስትጨምሩ ስ ጠፍቶ ሰ ይተካል። በሌላኛው ስክሪን ላይ በቀስታ ስትጽፉ ስ ብቅ ብሎ ወደ ሰ ሲለወጥ ካያችሁት መስመሩ ሕያው ነው። አማርኛ ለዚህ ፈተና ከእንግሊዝኛ ይሻላል፤ አንዱ ፊደል ራሱ ሁለት ጊዜ ስለሚላክ መዘግየትና መቅደም ካለ ወዲያው ይታያል።

ሁለተኛው ፈተና ዝምታ ነው። አምስት ደቂቃ ምንም ሳትነኩ ቆዩና ጻፉ። ሦስተኛው የኔትወርክ ገመዱን ነቅሎ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ፣ መልሶ መሰካት ነው። ገጹ ራሱ ካልተመለሰ ለተጠቃሚ አትስጡት።

6. ኤችቲቲፒኤስ

በዚህ ላይ ረጅም አልጽፍም። ሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት በነፃ ይሰጣል፤ ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም ያወጣዋል፣ ያድሰዋልም። የሰርተፊኬቱ ዕድሜ ለረጅም ጊዜ 90 ቀን ሆኖ ቆይቷል። ሰርቨራችሁ ከውጭ የማይታይ የውስጥ ማሽን ከሆነ ማረጋገጫውን በዲኤንኤስ መዝገብ በኩል አድርጉት። ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ከተከፈተ ብራውዘሩ ያልተመሰጠረ ዌብሶኬት እንዲከፍት አይፈቅድም። ኮዳችሁ ውስጥ አድራሻው በ"ደብሊውኤስ" የሚጀምር ከሆነ ወደ "ደብሊውኤስኤስ" ቀይሩት። ምስጠራው ፕሮክሲው ላይ ያበቃል፤ ከኋላ ያለው መተግበሪያ ስለ ሰርተፊኬት ምንም ማወቅ የለበትም።

7. ግቢው በሙሉ አንድ ሰው ሲመስል

ከውጭ አገር የተቀዳ ኮንፊግ ግቢ ውስጥ የሚከዳው እዚህ ላይ ነው። ብዙ መመሪያ ከአጥቂ ለመከላከል በአንድ አይፒ አድራሻ የሚከፈተውን መስመር አሥር ወይም ሃያ ላይ ወስኑ ይላል። ሰርቨራችሁ ውጭ ካለ የግቢው ተማሪ ሁሉ ከጥቂት የውጭ አድራሻዎች ጀርባ ነው የሚወጣው። አንድ ላብ ሙሉ ተማሪ ገጹን ሲከፍት ኢንጂንኤክስ የሚያየው አንድ ሰው አርባ ጊዜ ሲያንኳኳ ነው፤ ሃያዎቹን አስገብቶ ሃያዎቹን ይመልሳል። የተመለሱት ልጆች ምክንያቱን አያውቁም። ገደቡን ከአድራሻ ይልቅ በገቡበት ስም ላይ አድርጉት፤ በአድራሻ ካስፈለገም ትልቁን ክፍል የሚችል ቁጥር ስጡት።

ተጠቃሚ በዝቶ መተግበሪያውን በሁለት ወይም በሦስት ፕሮሰስ ስታካፍሉትም ያው ነገር ይገጥማችኋል። በፖሊንግ የሚጀምር ሶኬት አይኦ አንዱ ተጠቃሚ ሁልጊዜ ወደ አንዱ ፕሮሰስ እንዲሄድ ይፈልጋል። መመሪያዎች "አይፒ ሃሽ" የሚለውን ይመክራሉ። አይፒ ሃሽ ግን በአይፒ ቨርዥን 4 የሚያየው የአድራሻውን የመጀመሪያ ሦስት ቁጥሮች ብቻ ነው። በአንድ ላብ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች በመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ነው የሚለያዩት፤ ስለዚህ ላቡ በሙሉ አንዱ ፕሮሰስ ላይ ይወድቃል፣ ሌሎቹ ሥራ ፈት ይሆናሉ። "ሃሽ" በሚለው ትእዛዝ በኩኪ አካፍሉ። ኢተርፓድ ላይ ግን ይህን አትሞክሩት፤ አንድ ገጽ በሁለት ፕሮሰስ ከተያዘ ጽሑፉ ይጋጫል። ለኢተርፓድ አንድ ፕሮሰስ በቂ ነው።

የመስመር ብዛቱንም አስሉ። በኡቡንቱ ላይ ለአንድ ወርከር የተፈቀደው 768 መስመር ነው። እያንዳንዱ የዌብሶኬት ተጠቃሚ ግን ሁለት ይወስዳል፦ አንድ ከብራውዘሩ ወደ ፕሮክሲው፣ አንድ ከፕሮክሲው ወደ መተግበሪያው። ስለዚህ አንድ ወርከር ከ384 ሰው በላይ አይዝም። "ወርከር ኮኔክሽንስ"ን ወደ 4096 አሳድጉ፤ "ወርከር አርሊሚት ኖፋይል"ንም ከዚያ እጥፍ አድርጉት። አለዚያ ሊኑክስ ራሱ ይከለክላል።

8. "መብራት መጣ!"

መብራት ሲመለስ ከዶርም እስከ ካፌ የሚሰማውን ጩኸት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዚያችው ሰከንድ ራውተሮቹ ሁሉ ይነሳሉ፣ ኮምፒውተሮቹ ይበራሉ፣ ተቋርጦ የነበረው ብራውዘር ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሰርቨሩ ይደውላል። ሰርቨሩ ደግሞ ገና ዳታቤዙን እያስነሳ ነው። ሁሉም ሳይሳካለት ይመለሳል፤ ሁሉም ከአንድ ሰከንድ በኋላ እንደገና ይመጣል። እንዲህ እየተጋፉ ሰርቨሩን ዳግመኛ የሚጥሉት የራሳችሁ ተጠቃሚዎች ናቸው።

ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ድጋሚ ሙከራው በየጊዜው እየራቀ ይሂድ፤ በላዩ ላይ ለእያንዳንዱ ብራውዘር በዕጣ የሚለያይ ትንሽ መዘግየት ጨምሩበት። ሶኬት አይኦ በ1 ሰከንድ ጀምሮ እስከ 5 ሰከንድ ያራዝማል፣ ዕጣም ይጨምራል። መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ለሚመለስበት ቦታ 5 ሰከንድ ያንሳል፤ የራሳችሁን መተግበሪያ ስትጽፉ እስከ 30 ሰከንድ አድርሱት። ሁለተኛ፣ በሲስተምዲ ላይ መተግበሪያው ዳታቤዙ ከተነሳ በኋላ እንዲነሳ እዘዙ።

ለተጠቃሚውም ተናገሩት። መስመሩ ሲበጠስ ከገጹ ላይ "ግንኙነቱ ተቋርጧል፤ የጻፉት እዚሁ አለ፤ ሲመለስ ይላካል" የሚል በአማርኛ ይውጣ። የምታሳዩት ቃል ግን እውነት ይሁን፦ ያልተላከው ጽሑፍ ብራውዘሩ ውስጥ መቀመጡን ገመድ ነቅላችሁ ሳታረጋግጡ አትጻፉት። የአንድ ሰዓት ሥራው የጠፋበት ተማሪ ሁለተኛ አያምናችሁም።

9. ሲበላሽ ከየት ይጀመራል?

የኢንጂንኤክስን የስህተት መዝገብ ክፈቱ። 502 ከሆነ መተግበሪያው ወድቋል ወይም ፖርቱ ልክ አይደለም። መተግበሪያው እየሠራ እያለ 502 ከመጣ ፕሮክሲ ፓስ ላይ "ሎካልሆስት" ጽፋችሁ እንደሆነ ተመልከቱ። ሎካልሆስት ወደ አይፒ ቨርዥን 6 ሊመራ ይችላል፤ መተግበሪያው የሚያዳምጠው በቨርዥን 4 ብቻ ከሆነ አይገናኙም። ለዚህ ነው ከላይ 127.0.0.1 ብዬ የጻፍኩት። 504 ከሆነ መተግበሪያው አለ፣ ግን በሰዓቱ አልመለሰም። ዌብሶኬቱ ሲከፈት 400 ከመጣ የአፕግሬድ ሄደሮቹ አልደረሱም። ፋይል ሲጫን 413 ከመጣ የኢንጂንኤክስ የመጠን ገደብ ነው፤ ዲፎልቱ 1 ሜጋባይት ነው።

መዝገቡ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን አትርሱ። ተማሪው "ስምንት ሰዓት ላይ ተቋረጠብኝ" ሲላችሁ መዝገቡ ላይ የምትፈልጉት 14:00 አካባቢ ነው። ማሽኑን የአዲስ አበባ ሰዓት ላይ አድርጉት፤ ሳይነካ የቀረ ሰርቨር ብዙ ጊዜ የግሪንዊች ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው፣ ያን ጊዜ ሌላ ሦስት ሰዓት ይዛነፋል።

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ ስትጨርሱ አንድ ሥራ ይቀራል። ሰርቨር የሚያቆሙ ልጆች ይመረቃሉ፣ ሰርቨሩ ግን ግቢው ውስጥ ይቀራል። ኮንፊግ ፋይሉ የት እንዳለ፣ እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደተጻፈ፣ ሰርተፊኬቱ በማን ስም እንደወጣ፣ የዳታቤዙ ቅጂ የት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚመለስ፣ አይሲቲ ክፍል ውስጥ ማንን ማነጋገር እንደሚገባ በአማርኛ ጻፉ። የጻፋችሁትን ከእናንተ በታች ላለ ተማሪ ስጡና እናንተ ሳትናገሩ፣ ወረቀቱን ብቻ እያነበበ፣ ማሽኑን አጥፍቶ እንዲያስነሳው አድርጉ። የተቸገረበትን ቦታ አርሙ። ጋዋን ከመልበሳችሁ በፊት ይህን ጨርሱት።